የግራኝ ድንጋይ የግራኝ እንዳልሆነ በምን ታወቀ?

ጎጃም ውስጥ ማን እንዳቆመው ያልታወቀ ድንጋይ የለም። ሁሉም የግራኝ ነው። ለሁለት የተሰነጠቀ ቋጥኝ ካለ ግራኝ በጎራዴው መትቶት ነው። ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ድንጋይ ካለ ፈረሱን አስሮበት ነው። የፈረሰ ካብ ካለም ያፈረሰው እሱ ነው። አንድ ጊዜ ለተዝካር ወደ እናቴ አገር ወርጄ ነበር። ከደጀን ዝቅ ብሎ የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለ ቀበሌ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ እስከ ወገቤ የሚደርስ ድንጋይ ቆሞ አየሁና አጎቴን "ይህን ማን አቆመው?" ብዬ ጠየቅሁት። የጠላ ዋንጫውን እንኳ ሳያስቀምጥ "ግራኝ ነዋ!" አለኝ። ኋላ ሲጣራ ሁለት ቤተሰብ በመሬት ተጣልቶ ሽማግሌዎች የተከሉት የወሰን ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የአጎቴ አባት ነበሩ።

ይህ ልማድ የጎጃም ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ሶዶ ውስጥ ጢያ ይገኛል። እዚያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ላይ ምስል ተቀርጿል፤ ጎልቶ የሚታየው ደግሞ የጎራዴ ቅርጽ ነው። የአካባቢው ሰው ከጥንት ጀምሮ "የግራኝ ድንጋይ" ሲላቸው ኖሯል። ጎራዴው ካለ ባለ ጎራዴውን መገመት አይከብድም፤ አፈ ታሪኩ ከድንጋዩ ጋር የተሰፋ ይመስላል። ዩኔስኮ ጢያን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1980 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሮዤ ዡሶም የሚባል ፈረንሳዊ አርኪዮሎጂስትና ባልደረቦቹ ከድንጋዮቹ ሥር ሲቆፍሩ መቃብር አገኙ። ሰዎቹ ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው አጥፈው የተቀበሩ ናቸው። መቃብሮቹም ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ የተቆፈሩ መሆናቸው ታወቀ። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ እኛ ግራኝ የምንለው፣ ሽምብራ ኩሬ ላይ ድል ያደረገው በ1529 ነው፤ ከጣና በስተ ምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ የወደቀው ደግሞ በ1543። ስለዚህ ሰውየው ሳይወለድ በፊት ድንጋዮቹ ቆመው፣ ሽበት አውጥተው ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ጽሑፍ በሌለበት፣ የዓይን ምስክር በሌለበት፣ ያለው አፈ ታሪክም የተሳሳተ በሆነበት ቦታ አርኪዮሎጂስቱ ይህን ሁሉ በምን አወቀ?

ድንጋይን ዕድሜውን ብትጠይቁት ይነግራችኋል፤ የሚነግራችሁ ግን ሌላ ዕድሜ ነው። አብዛኛው የጎጃም ደጋ የተቀመጠበት ጥቁር ድንጋይ ቀልጦ ከመሬት የወጣው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ጮቄን የሠራው እሳተ ገሞራ ከዚያ በኋላ ቢመጣም እሱም ከ20 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። ደብረ ማርቆስ ላይ የተነጠፈውን ኮብልስቶን አንሥታችሁ ላቦራቶሪ ብትሰጡት "ሚሊዮን" የሚል መልስ ይመጣላችኋል። ድንጋዩን መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ሲጠርቡት የነበሩትን የሰፈር ወጣቶች ግን ሁላችንም አይተናቸዋል። ድንጋዩ መቼ ተፈጠረ የሚለውና ድንጋዩን ሰው መቼ አቆመው የሚለው የማይገናኙ ጥያቄዎች ናቸው። ለሁለተኛው ድንጋዩ ራሱ መልስ የለውም። መልስ የሚሰጠው ከሥሩ የተገኘ፣ በሕይወት የነበረና የሞተ ነገር ነው፤ ከሰል፣ አጥንት፣ ቀንድ፣ አንዲት ያረረች የገብስ ፍሬም ብትሆን።

ለምን በሕይወት የነበረ ነገር? ከምንጭ ሥር የተቀመጠ ቀዳዳ እንስራ አስቡ። ከላይ ውኃ ይወርድበታል፣ ከታች ይንጠባጠባል፤ የሚገባውና የሚወጣው ስለሚመጣጠን ውኃው አይጨምርም፣ አይቀንስም። አንሥታችሁ ወደ ቤት ስትወስዱት ግን መግባቱ ይቆማል፣ መንጠባጠቡ ይቀጥላል። እንስራው ውስጥ የቀረውን ውኃ አይቶ ከምንጩ መቼ እንደተነሣ ማስላት ይቻላል። ካርቦን 14 የሚባለው ነገር እንዲህ ነው። ከሕዋ የሚመጣ ጨረር ከአየር ጋር ሲጋጭ ይፈጠራል፤ ተክል ከአየሩ ይስበዋል፤ በሬው ሣሩን፣ እኛ ደግሞ እህሉንም በሬውንም ስንበላ ወደኛ ይገባል። በሕይወት እስካለን የጠፋው ይተካል። ስንሞት ከምንጩ ተነሣን ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በ5,730 ዓመት ግማሹ ይጠፋል፤ በሌላ 5,730 ዓመት ደግሞ የቀረው ግማሽ። እንስራውም እኮ ሲሞላ ፈጥኖ፣ ሲጎድል እየዘገየ ነው የሚንጠባጠበው። 50,000 ዓመት ገደማ ሲሆነው ለመለካት የሚበቃ አይቀርም። ይህን ዘዴ በ1949 ለዓለም ያሳየው ዊላርድ ሊቢ የሚባል አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ሲሆን በ1960 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ምንጩ በየዘመኑ እኩል እንደማይፈስ ኋላ ስለታወቀ፣ የዛፍ ግንድ ውስጥ በየዓመቱ የሚጨመሩትን ቀለበቶች እየቆጠሩ ስሌቱን ማረም የግድ ሆኗል።

ላቦራቶሪው የሚናገረው ግን ስለ ከሰሉ ብቻ ነው። ከሰሉን ከድንጋዩ ጋር የሚያገናኘው ቆፋሪው ነው፤ ሥራው የሚከብደውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የእናቴ አገር ጓሮ ያለውን የአመድ ክምር አንድ ቀን አጎቴ ለማሳው ብሎ ሲዝቀው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ላዩ ላይ ፌስታልና ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ነው። ዝቅ ሲል ፌስታሉ ጠፋና የተሰበረ ምጣድ፣ የገንቦ ጆሮ መጣ። ከታች አመዱ ራሱ ቀለሙን ለውጦ ጠንክሯል። ታች ያለው ቀድሞ የተጣለ፣ ላይ ያለው ኋላ የተጣለ ነው፤ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያሻም። ችግሩ የሚመጣው አንድ ሰው መሐል ላይ ጉድጓድ ከቆፈረ ነው። ትክል ድንጋይ ደግሞ ያለ ጉድጓድ አይቆምም።

ቤት ሲሠራ ምሰሶ ሲተከል ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ ምሰሶው ይገባል፣ ዙሪያው በድንጋይ ይወተፋል፣ አፈር ተመልሶበት ይረገጣል። ከሺህ ዓመት በኋላ እንኳ የተመለሰው አፈር ካልተነካው አፈር ጋር ቀለሙ አይገጥምም፤ ቆፋሪው የጉድጓዱን አፍ እንደ ቀለበት ያየዋል። እንግዲህ ከመወተፊያው ድንጋይ ሥር ከሰል ከተገኘ፣ ያ እሳት የነደደው ድንጋዩ ከመቆሙ በፊት ወይም በቆመበት ጊዜ ነው። ጉድጓዱ ከተደፈነ በኋላ አፉ ላይ ምድጃ ተሠርቶ ከነበረ ደግሞ ያ ምድጃ ከድንጋዩ ወዲህ ነው። ሁለቱን ማስለካት ነው፤ ድንጋዩ በመካከላቸው ይያዛል።

እዚህ ላይ ሁለት ሸረኞች አሉ። አንዱ ፍልፈል ነው። የትናንቱን የገብስ ፍሬ ሁለት ክንድ አውርዶ ከጥንቱ አፈር ጋር ይቀላቅለዋል። ሁለተኛው ወይራ ነው። ሦስት መቶ ዓመት የቆመ ወይራ ዛሬ ቆርጣችሁ ብታነዱ፣ ከግንዱ እምብርት የወጣው ከሰል በላቦራቶሪ "ሦስት መቶ ዓመቴ ነው" ይላል፤ እምብርቱ ከምንጩ የተነሣው ያኔ ነውና። ለዚህ ነው ጥንቁቅ ቆፋሪ በአንድ ከሰል የማይምለው። ከቀጭን ጭራሮ የተገኘ ከሰልና የአንድ ዓመት ዕድሜ ብቻ ያላትን የእህል ፍሬ የሚመርጠውም ለዚሁ ነው።

ከሰልም አጥንትም ከሌለ ሌላ መንገድ አለ። የአሸዋ ቅንጣት ጨለማ ውስጥ ሲቀመጥ ከዙሪያው አፈር በሚመጣ ደካማ ጨረር እንደ ሞባይል ባትሪ ቀስ እያለ ይሞላል፤ ፀሐይ ስታየው ወዲያው ባዶ ይሆናል። ከድንጋይ ሥር ያለውን አፈር በጨለማ ቀድቶ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ብርሃን አብርቶበት ስንት "ቻርጅ" እንደያዘ በመለካት ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይ ያየው መቼ እንደሆነ ይታወቃል።

ወደ እንግሊዝ ልሻገር፤ የዚህ ሁሉ ጥበብ ዋና መፈተኛ እዚያ ያለው ስቶንሄንጅ ነውና። ሜዳ ላይ በክብ የቆሙ ግዙፍ ድንጋዮች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ላይ ሌላ ድንጋይ እንደ በር ጉበን ተጋድሞባቸዋል። እንግሊዞችም የራሳቸው ግራኝ ነበራቸው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈ አንድ የታሪክ ጸሐፊ፣ መርሊን የተባለ ጠንቋይ ከአየርላንድ አምጥቶ አቆማቸው አለ። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጆን ኦብሪና ዊልያም ስተክሊ የተባሉ ምሁራን መጡና፣ የለም፣ ድሩይድ የሚባሉት የጥንት ካህናት ቤተ መቅደስ ነው አሉ። ይህ እስከ ዛሬም ብዙ ሰው የሚያምነው ነው። መልሱ የተገኘው ግን ዙሪያውን ከከበበው ቦይ ወለል ላይ ነው። ቦዩን የቆፈሩት ሰዎች እንደ ዶማ የተጠቀሙበትን የአጋዘን ቀንድ ሥራው ሲያልቅ እዚያው ትተውታል። ቀንድ ደግሞ በሕይወት የነበረ ነገር ነው። ተለካ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 3000 ዓመት ገደማ ሆነ። ትልልቆቹ ድንጋዮች የቆሙት ከዚያ ወደ 500 ዓመት ዘግይቶ ነው። ድሩይዶች በጽሑፍ ሲጠቀሱ የምናገኛቸው ግን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የእንግሊዝ ሊቃውንት ስሕተት ከአጎቴ ስሕተት በብዙ ይበልጣል።

መርሊን ያልኩት ጠንቋይ ግን በአንድ ነገር ወደ እውነት ተጠግቶ ነበር፤ ድንጋዮቹ ከሩቅ ነው የመጡት። ይህን ለማስረዳት የአያቴን ወፍጮ ልዋስ።

አያቴ የኖረችበት ቁልቁለት የኖራ ድንጋይ አገር ነው። በደጀን በኩል ወደ ዓባይ የወረደ ሁሉ አይቶታል፤ ከአፋፉ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ነው። ወፍጮዋና መጇ ግን ጥቁር ነበሩ፤ አረፋ እንደያዘ ሊጥ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለባቸው። ልጅ ሆኜ ሳያት ወፍጮው ሲሞልጭባት ትወቅረዋለች፤ ጠክ ጠክ ጠክ፣ ግማሽ ቀን። "እዚሁ ድንጋይ ሞልቶ ለምን ከዚህ አልሠራሽም?" ስላት "የኛው ይፈረፈራላ! እንጀራህን አሸዋ አሸዋ ሊልልህ ትሻለህ?" አለችኝ። ወፍጮው ከደጋ በሰው ትከሻ የወረደ ነው፤ ስትዳር አባቷ ያስመጡላት። እንግዲህ ይህን የሚያወራ ሰው ሁሉ ቢያልፍ እንኳ፣ በኖራ ድንጋይ አገር የተገኘ ጥቁር ወፍጮ ራሱ "እኔ የዚህ አገር አይደለሁም" ይላል።

ከየትኛው ደጋ ነው ለማለት ግን ዓይን አይበቃም። ጥቁር ድንጋይ ሁሉ ለዓይን አንድ ነው፤ እንደ በርበሬ። ከየቤቱ የወጣው በርበሬ ሁሉ ቀይ ነው፤ ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ ሽንኩርቱና በሶብላው ግን እንደ ባለሙያዋ ይለያያል፤ የቀመሰ ያውቃታል። ድንጋይም ከየእሳተ ገሞራው ሲወጣ የራሱ ቅመም አለው። ባለሙያዎች ከድንጋዩ 0.03 ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ያላት ቁራጭ ፍቀው ያወጣሉ፤ ያን ያህል ስትሳሳ ድንጋይም ብርሃን ያሳልፋል። በማይክሮስኮፕ አይተው፣ ውስጡ ያለውንም ንጥረ ነገር ለክተው ከየተራራው ናሙና ጋር ያስተያዩታል። ኸርበርት ቶማስ የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ በ1923 የስቶንሄንጅ ትንንሾቹ ድንጋዮች ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ዌልስ ውስጥ ካለው የፕሬሴሊ ኮረብታ የመጡ መሆናቸውን ያሳየው እንዲህ አድርጎ ነው። ከዚያ ወዲህ የኮረብታው የትኛው ገጽ ላይ እንደተፈለጡ ሳይቀር ተለይቷል። እዚያ ድንጋዩ በተፈጥሮው እንደ ምሰሶ ተሰንጥቆ የቆመ ነው፤ ዓባይ በረሃ ውስጥ ተደርድሮ የቆመውን ጥቁር ድንጋይ ያየ ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ይገባዋል። ሰዎቹ አልወቀሩም፤ ስንጥቁ ውስጥ ሽብልቅ ከትተው ከነቅርጹ ነው የነቀሉት።

የትልልቆቹ ድንጋዮች ምንጭ የተገኘበት መንገድ ደግሞ ሌላ ነው፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። በ1958 ከወደቁት አንዱን መልሰው ሲያቆሙ ተሰንጥቆ አገኙትና በብረት ሊያስሩት ቀዳዳ በሱለት። ከቀዳዳው አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የድንጋይ በትር ወጣ። ከሠራተኞቹ አንዱ ሮበርት ፊሊፕስ ማስታወሻ ብሎ ወሰደው። ኋላ ወደ አሜሪካ ሲሄድም ይዞት ሄደ። 60 ዓመት አብሮት ኖረና በ2018፣ ዕድሜው ወደ 90 ሲቃረብ፣ ልመልስ አለ። ስቶንሄንጅ ዛሬ የማይነካ ቅርስ ነው፤ አዲስ ቀዳዳ መብሳት የሚፈቅድ የለም፤ ስለዚህ ያቺ በትር የወርቅ ያህል ሆነች። ዴቪድ ናሽ የሚመራው ቡድን እስከ ዛሬ ከቀሩት 52 ትልልቅ ድንጋዮች 50ዎቹ አንድ ዓይነት ቅመም እንዳላቸው ለይቶ ነበርና ከበትሯ ጋር አስተያይቶ በ2020 ውጤቱን አወጣ። የመጡት 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ከሚርቅ ዌስት ዉድስ ከሚባል ጫካ ነው።

በ2024 ደግሞ ማንም ያልጠበቀው መጣ። መካከል ላይ ከወደቁ ድንጋዮች ሥር የተጋደመ፣ 6 ቶን የሚመዝን የአሸዋ ድንጋይ አለ፤ የመሠዊያው ድንጋይ ይሉታል። መቶ ዓመት ሙሉ የዌልስ ነው ሲባል ኖሯል። የአሸዋ ድንጋይ ከሌላ ድንጋይ ተፈርፍሮ በመጣ አሸዋ የተጋገረ ስለሆነ፣ እያንዳንዷ ቅንጣት የተወለደችበትን ዘመን ይዛ ትዞራለች። ውስጡ ያሉት ዚርኮንን የመሳሰሉ ደቃቅ ቅንጣቶች ዕድሜ ሲለካ የሚገጥመው ከዌልስ ሳይሆን ከሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ ጋር ሆነ። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ በጎጃም በኩል አድርጎ ጎንደር ከሚገባው የመኪና መንገድ ጋር ይቀራረባል። ያ ሁሉ መኪና ባልነበረበት፣ ጋሪም በማይታወቅበት አገር። ጥናቱን የመራው አንቶኒ ክላርክ የሚባል ወጣት ራሱ የፕሬሴሊ ኮረብታ ልጅ ነው፤ ያገሩን ድንጋይ በገዛ እጁ ለሌላ አገር ሰጠ።

በኛ አገርም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። ጌዴኦ ውስጥ ከ10,000 በላይ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ መልክዐ ምድሩ በ2023 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። አሸናፊ ዜና የሚባል ኢትዮጵያዊ አርኪዮሎጂስትና ባልደረቦቹ በ2021 ባወጡት ጥናት ሳካሮ ሶዶ የተባለው ቦታ ላይ ያሉት ድንጋዮች በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆሙ መሆናቸውን አሳዩ፤ ቀድሞ ከተገመተው አንድ ሺህ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ከቦታዎቹ ከተለቀመው ባልጩት አብዛኛው ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሰሜን ኬንያ የመጣ ነው። ባልጩቱ በእግሩ አልመጣም፤ አንድ ሰው ከአንድ ሰው እየተቀባበለ፣ ወይም ነጋዴ ተሸክሞት ነው። እንዲህ ባለ ጥናት ትክል ድንጋዩ ብቻውን የቆመ ነገር መሆኑ ይቀራል፤ መንገድና ገበያ ያለው ሕዝብ ከኋላው ይታያል።

የሰዎቹስ ነገር? ባሕር ዳር ገበያ የከረመ የማር ነጋዴ በጣቱ ቀምሶ "ይህ የአደይ አበባ ነው፣ ይህ የግራዋ ነው" ይላል። አገሩ ማሩ ውስጥ ገብቷል። አጥንትም እንዲሁ ነው። ስትሮንቲየም የሚባል ንጥረ ነገር ከድንጋዩ ወደ አፈሩ፣ ከአፈሩ ወደ እህሉ፣ ከእህሉ ወደ አጥንት ይገባል፤ ድንጋዩ እንደሚለያየው አሻራውም ይለያያል። የጥርስ ሽፋን በልጅነት ተሠርቶ ስለማይለወጥ ልጅነት የት እንዳለፈ ይናገራል፤ አጥንት ግን ስለሚታደስ የሚናገረው ስለ መጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ስቶንሄንጅ ላይ የተቀበሩት አስከሬናቸው ተቃጥሎ ነው፤ ቢሆንም የተቃጠለ አጥንት ይህን አሻራ ይጠብቃል። በ2018 የ25 ሰዎች ተመርምሮ 10ሩ የአካባቢው ነዋሪ እንዳልነበሩ ታወቀ። አሻራቸው ከሚገጥምባቸው አገሮች አንዱ ምዕራብ ዌልስ ነው፤ ትንንሾቹ ድንጋዮች የመጡበት።

ከዚያው ቅርብ፣ የሠሪዎቹ መንደር ሳይሆን አይቀርም በሚባል ቦታ፣ የግብዣ ትርፍ የሆነ ብዙ አጥንት ተገኝቷል። የአሳማ ነው፤ የጾም ቀን ለምታነቡ ይቅርታ። በግ የሚገዛ ሰው አፏን ከፍቶ ጥርሷን አይቶ ዕድሜዋን እንደሚያውቅ፣ ባለሙያዎቹም መንጋጋውን አዩና ብዙዎቹ የታረዱት ዘጠኝ ወር ገደማ ሲሆናቸው ነው አሉ። በዚያ አገር አሳማ የሚወልደው በጸደይ ነው፤ ዘጠኝ ወር ስትቆጥሩ ክረምታቸው እኩሌታ ላይ ትደርሳላችሁ። የስቶንሄንጅ አቋቋም ደግሞ በበጋ ረጅሙ ቀን ፀሐይ ከምትወጣበት፣ በክረምት አጭሩ ቀን ከምትጠልቅበት አቅጣጫ ጋር የገጠመ ነው። ድንጋዩና መንጋጋው ሳይመካከሩ አንድ ቀን ጠቆሙ።

ብዙዎቻችን ድንጋዩን አይተን የምንጠይቀው "የየትኛው ንጉሥ?" ብለን ነው። ጥፋተኛዋ አክሱም ትመስለኛለች። ከቆሙትና ከወደቁት ሐውልቶቿ ትልቁ 33 ሜትር ርዝመት፣ 520 ቶን ያህል ክብደት አለው፤ ድንጋዩ የተፈለጠበት ጎቦ ድራ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ የሽብልቁ ቀዳዳዎች ዛሬም በረድፍ ይታያሉ። ያ በእርግጥ የመንግሥት ሥራ ነው። መርጡለ ማርያምንም ስናይ ማን እንዳሠራት የሚነግረን ጽሑፍ አለ፤ ንግሥት እሌኒ። ቅድመ ታሪክ ላይ ግን ንጉሥ ፍለጋ መነሣት ራሱ ያሳስታል። ኬንያ ውስጥ ከቱርካና ሐይቅ አጠገብ ሎታጋም የሚባል ቦታ ከ5,000 ዓመት በፊት የድንጋይ ምሰሶ ያቆሙ ሰዎች ከብት አርቢዎች ነበሩ። ከሥሩ በትንሹ 580 ሰዎች ተቀብረዋል፤ ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን ሳይለይ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ከነጌጣቸው። ከሌላው የበለጠ የተከበረ አንድም መቃብር አልተገኘም። ደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ውስጥ ያለው ጎቤክሊ ቴፔ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 9500 ዓመት ይሄዳል። እስከ 5.5 ሜትር የሚደርሱ ምሰሶዎቹን ያቆሙት ገና እርሻ ያልጀመሩ፣ ሸክላ የማያውቁ አዳኞች ናቸው። ይህን ቦታ በ1963 ያዩ ባለሙያዎች የመካከለኛው ዘመን መቃብር ነው ብለው አልፈውት ነበር። ክላውስ ሽሚት የተባለ ጀርመናዊ በ1990ዎቹ ተመልሶ ባያየው ኖሮ አሁንም የፍየል ግጦሽ በሆነ። ከዚያ በፊት የነበረው ትምህርት "መጀመሪያ እርሻ፣ ከዚያ ከተማ፣ ከዚያ ቤተ መቅደስ" የሚል ነበር፤ ጎቤክሊ ቴፔ ተራውን አፋልሶታል።

ያለ ንጉሥ እንዴት ይጎተታል ለሚል፣ በ2016 ለንደን ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሞክረውታል። አንድ ቶን ድንጋይ በእንጨት መጎተቻ ላይ ጭነው፣ ከሥሩ ግንድ ረብርበው ሲስቡት አሥር ሰው በቅቶታል። ለኛ ይህ ዜና አይደለም። የውኃ ወፍጮ ድንጋይ ወደ ወንዝ ሲወርድ፣ ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶ የሚሆን ግንድ ከጫካ ሲመጣ ጎጃም ደቦ ይጠራል፤ ጠላ ይጠመቃል፣ አንዱ ይቀኛል፣ ሌላው ይቀበላል። ስድስት ቶን ሲሆን ሰዉም ጠላውም ይበዛል፣ ጊዜውም ይረዝማል።

ለምን አቆሙት የሚለው ላይ ከሰልም ዚርኮንም ብዙ አይረዱም። መቃብር ከተገኘ ለሙታን፣ ፀሐይ ከገጠመ ለበዓል እንላለን፤ ምን ብለው ይጸልዩ እንደነበረ ግን አፈር አይዝም። እዚህ ላይ አርኪዮሎጂስት ሲበዛ በልበ ሙሉነት ካወራ እጠረጥረዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ አገር ሌላ ድንጋይ ነበር፤ ከወሰኑ ድንጋይ ራቅ ብሎ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ የሰው ቁመት የሚያህል፣ ማንም የኔ ነው የማይለው። ከሥሩ ወርቅ አለ ተብሎ ተወራና አንድ ሌሊት ያልታወቁ ሰዎች ቆፍረው ጣሉት። ጠዋት እኔም ከሰዉ ጋር ወርጄ አየሁ። ጉድጓዱ ዙሪያ የተበተነው የተሰባበረ ሸክላ፣ ቡጢ የሚያህሉ የመወተፊያ ድንጋዮችና ከአፈሩ ጋር የተለወሰ ከሰል ነበር፤ ጣቴን አጠቆረው። ወርቅ የለም። ሐምሌ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣና ጉድጓዱን አጥቦ ሁሉንም ወደ ገደሉ ወሰደው። ድንጋዩ ዛሬ የአንድ ሰው ደጃፍ ላይ ተጋድሟል፤ መቀመጫ ሆኗል። ባለፈው ፋሲካ ከአጎቴ ጋር ቁጭ ብለንበት ማን እንዳቆመው ጠየቅሁት። መልሱን ታውቁታላችሁ።